«እናቱን ‹ውሰጂው› በያት» ተባልኩ

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የግል አጸደ ሕፃናት ውስጥ ኬጂ 1 አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 36 ልጆች አሉ። አንዲት ሞግዚት ታግዘኛለች፤ እሷንም ከጎን ክፍል ጋር እንጋራታለን። ዘንድሮ አንድ ልጅ መጣልኝ። ናቲ ልበለው፤ ትክክለኛ ስሙ አይደለም። አራት ዓመት ከመንፈቅ ይሆነዋል።

ስሙን ስጠራው አይዞርም። አይናገርም ማለት ይቻላል፤ አንዳንዴ ግን እኔ ያልኩትን መልሶ ይላል። «ውሃ ትፈልጋለህ?» ስለው «ውሃ ትፈልጋለህ?» ይለኛል። ጠዋት ሰልፍ ላይ ማይክሮፎኑ ሲጮህ ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ይዘረራል። በር ክፍት ካገኘ ይሮጣል። የሃይላንድ ክዳን በቀለም እየለየ መደርደር ከጀመረ ማንም አያስቆመውም። የፊደል ገበታውን ግን ከሀ እስከ ፐ ያውቀዋል። አንድ ካርድ ብደብቅበት የትኛው እንደጎደለ አውቆ ፈልጎ ያመጣዋል። ሌሎቹ ልጆች ገና «ሰ» ላይ ናቸው።

ከሦስት ሳምንት በፊት የአንዲትን ልጅ ክንድ ነከሰ። እናቷ ፎቶውን የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ ምን ልበልዎት! «የምንከፍለው ልጆቻችን እንዲማሩ ነው»፣ «እንዲህ ዓይነት ልጅ የራሱ ትምህርት ቤት አለው»፣ «ልጄ እሱን እየኮረጀች ማውራት ትታለች»። የናቲ እናት እዚያው ግሩፕ ውስጥ አለች። ሁሉንም አንብባለች። አንድ ቃል አልመለሰችም።

በነጋታው ዳይሬክተሯ ጠሩኝ። «ወላጆች ልጆቻቸውን ሊያስወጡብን ነው። መንፈቀ ዓመቱ ሲያልቅ ልጇን ወስዳ ልዩ ትምህርት ቤት እንድታስገባው አንቺ ንገሪያት። ከአንቺ ጋር ትግባባለች» አሉኝ።

እውነት ነው፣ እንግባባለን። ሁልጊዜ ጠዋት ስታደርሰው «ሚስ፣ ትናንት ተናገረ?» ትለኛለች። «አይዞሽ፣ ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚናገረው፤ አባቱም በአምስት ዓመቱ ነው አፉን የፈታው» ትላለች፣ ራሷ ጠይቃ ራሷ ትመልሳለች። አያቱ ጸበል ይወስዱታል፤ ያን ጊዜ ሳምንት ሙሉ ይቀራል። ኢንተርኔት ላይ አንብቤ ኦቲዝም ይመስለኛል። ግን እኔ ማን ነኝ? ዲፕሎማ ያለኝ የኬጂ አስተማሪ ነኝ።

እውነቱን ልናገር? ናቲ የቀረ ቀን ደስ ይለኛል። ከዚያ ደግሞ ራሴን እጠላለሁ።

ምን ልበላት? እምቢ አልናገርም ብል ደግሞ ሥራዬስ?

ሚስ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

ምላሽ

ውድ ሚስ፣

ናቲ ሲቀር ደስ የሚልሽ ልጁን ስለጠላሽው አይደለም። 36 ልጅ ይዘሽ በር የምትጠብቂው፣ አፍንጫ የምትጠርጊው፣ የጫማ ክር የምታስሪው፣ ፊደል የምታስቆጥሪው አንቺ ነሽ። እሱ በቀረ ቀን ትከሻሽ ቀለል ይላል። ይኸው ነው። ልጁን የጠላች አስተማሪ ካርድ ደብቃ አታጫውተውም። ስለዚህ ራስሽን መውቀሱን ለጊዜው ተይውና ወደ ጉዳዩ እንግባ።

ዳይሬክተሯ የጠየቁሽ ሁለት ነገር ነው። ጠቅልለው ስለሰጡሽ አንድ መስሎሻል። አንደኛው «እናቱን ስለ ልጇ አነጋግሪያት» ነው። ይህ ሥራሽ ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ዘግይቷል። ሁለተኛው «ትምህርት ቤታችን ልጅሽን አይፈልገውም» ነው። ይህ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ውሳኔ ነው። የወሰነው ሰው ራሱ ወንበር ስቦ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይንገራት። ሁለቱን አንቺ በአንድ ቀን ከነገርሻት እናቲቱ የምትሰማው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ «ሐኪም ይየው» ብትያትም «ልታባርረኝ ፈልጋ ነው» ትላለች። አትፈረድም። የምትግባቡት ልጇን እንደምታይላት ስለምታምን ነው፤ ያንን እምነት ለማስወጫ ከተጠቀማችሁበት በዚያው ቀን ያልቃል።

ለዳይሬክተሯ የምትመልሽው በኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ እናቲቱ።

«እኔ ማን ነኝ?» ብለሻል። አስተማሪው ነሽ። በቀን አራት አምስት ሰዓት፣ ከሌሎች እኩዮቹ መካከል የምታይው አንቺ ነሽ። ይህን ሐኪሙም አያገኘውም፣ እናቱም አታገኘውም። ኦቲዝም ነው ማለት ያንቺ ድርሻ አይደለም፤ ስለዚህ ቃሉን አንቺ አታንሺው። ያየሽውን መናገር ግን ያንቺ ነው። የዘረዘርሻቸው ነገሮች፣ ስሙ ሲጠራ አለመዞሩ፣ የተባለውን መልሶ ማለቱ፣ ድምፅ መሸሹ፣ መደርደሩ፣ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ በብዛት ይታያሉ። ነገር ግን ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ በደንብ ላይሰማም ይችላል። «ከማይክሮፎን ጆሮውን ይይዛል እኮ» ትይኝ ይሆናል። ትልቁን ጩኸት መስማትና ለስላሳውን ንግግር ለይቶ መስማት አንድ አይደለም። በዚህ ዕድሜ ጉንፋን ሲደጋገም ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀምና መስማትን ያደክማል። ንግግር የዘገየበት ልጅ መጀመሪያ ጆሮው የሚመረመረው ለዚህ ነው። ለእናቲቱም ብትሆን «ጆሮው ይታይ» የሚለው ለመስማት የሚከብድ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠቁምሽ። የናቲ እናት ምንም ያላየች እናት አይደለችም። ምንም ያላየ ሰው በየጠዋቱ «ተናገረ?» አይልም። ትጠይቅሻለች፣ ከመመለስሽ በፊት ራሷ ትመልሳለች። ይህ ፍርሃት ነው፤ ማንም ቢሆን እንዲህ ይፈራል። በዚህ ፍርሃት ላይ «ኦቲዝም» የሚል ቃል ብትወረውሪባት ትዘጋብሻለች። ያንን የቴሌግራም ግሩፕ ዝም ብላ ያነበበች ሴት ናት። በዚያ ሳምንት «እንዴት ነሽ?» ያላት ሰው ነበር? አንቺስ ብለሻታል?

ስለዚህ አንድ ቀን ምረጪ። በር ላይ፣ ሰርቪሱ እየጮኸ፣ ሌሎች እናቶች እየሰሙ አይሁን። በኮሚኒኬሽን ቡክም አይጻፍ። ልጆች ከወጡ በኋላ ክፍልሽ ውስጥ ተቀመጡ። አባቱ መምጣት ከቻለ ጥሩ ነው፤ ለብቻዋ ሸክሙን ወደ ቤት ተሸክማ ሄዳ፣ ለባል፣ ለአያት፣ ለጎረቤት ማስረዳት በጣም ይከብዳታል። ንግግሩን ከክዳኑና ከፊደሉ ጀምሪው። «የናቲ እናት፣ ናቲ ፊደል እስከ ፐ ያውቃል፣ ያውቁ ነበር? ካርድ ስደብቅበት ያገኝብኛል» በያት። ምናልባት አታውቅም። ምናልባት ከሰው አፍ ስለ ልጇ ደግ ነገር የሰማችው ያኔ የመጀመሪያዋ ይሆናል። ከዚያ ያየሽውን፣ እንዳየሽው፦ «ስሙን ስጠራው ብዙ ጊዜ አይዞርልኝም። ማይክሮፎን በጣም ያስጨንቀዋል። የሚፈልገውን ስላልነገረኝ ሲናደድ አየዋለሁ። እቤትስ እንዴት ነው?» ከዚህ በኋላ አንቺ ዝም በይ። እሷ ትናገር። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ዝምታው ሲከብደው ማጽናኛ ይደረድራል፤ አንቺ አታድርጊው።

«የአባቱ ነው» ካለችሽ አትከራከሪያት። ዘግይተው የተናገሩ ልጆች አሉ፤ ውሸት አይደለም። «ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ጆሮው ቢታይ፣ የሕፃናት ሐኪምም ቢያየው ደስ ይለኛል፤ ምንም ከሌለ እንረጋጋለን፣ ካለም ዛሬ ማወቁ ይሻለናል» በያት። «እንረጋጋለን» እና «ይሻለናል» ስትይ እኔም አለሁበት ማለትሽ እንደሆነ ይገባታል። አዲስ አበባ ውስጥ በየካቲት 12 እና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች ልጆችን የሚያይ የአእምሮ ጤና ክፍል አለ። ስሙን ስትሰማ ልትደነግጥ ስለምትችል አስቀድመሽ አዘጋጂያት። እዚያ መሄድ «ልጄ አበደ» ማለት አይደለም፤ የንግግር፣ የመግባባትና የዕድገት ጉዳይ የሚያዩ ሐኪሞች ያሉት እዚያ ስለሆነ ነው።

ጸበሉን በተመለከተ እንዲህ ነው የማስበው። አያቱን ከሐኪም ጋር አታጋጪያቸው። ልጁን የሚወዱት እሳቸው ናቸው፤ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ይዘውት የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። ጸበሉም ይቀጥል፣ ጆሮውም ይታይ። አንቺ የምትጠይቂው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚቀርበት ሳምንት አጠር እንዲል ወይም ቀድመው እንዲነግሩሽ። እንዲህ ያለ ልጅ ሳምንት ቀርቶ ሲመለስ የለመደው ሁሉ እንደ አዲስ ይጀምራል። ስታነጋግሯት ጎረቤቱ የሚያወራውም መነሳቱ አይቀርም፤ ካርቱን ነው፣ ስልክ ነው፣ እናትየው ሥራ ስለምትውል ነው፣ እርግማን ነው። የእናት ፍቅር ማነስ ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ሐሳብ ባለፈው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች ሳይቀሩ ይሉት የነበረ ነው። ስህተት መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል፤ ብዙ እናቶችን ግን በከንቱ አስለቅሷል። ክትባት ያመጣል ያለው የ1998ቱ (እ.ኤ.አ.) ጽሑፍም ያወጣው መጽሔት ራሱ በ2010 ሰርዞታል። ስልክ መቀነሱ ለማንኛውም ልጅ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ግን እሷን ጥፋተኛ ማድረጊያ አይሁን።

አሁን ወደ ንክሻው። ደብዳቤሽ ላይ ያጣሁት ነገር እዚህ ጋ ነው። ከመንከሱ በፊት ምን ሆነ? ልጅቷ ክዳኑን ነካችበት? ሰልፍ ላይ ተገፍቶ ነበር? ጩኸት ነበር? «ነከሰ» የሚለውን ሁሉም ሰው አውቋል፤ ግሩፑ ላይ ፎቶ አለ። ከዚያ በፊት ያለውን አንድ ደቂቃ ግን ማንም አልጠየቀም። መናገር የማይችል ልጅ «ተይኝ» የሚልበት መንገድ ያጥረዋል። አንድ ትንሽ ደብተር ያዢ። ሲጮህ፣ ሲሮጥ፣ ሲመታ ሦስት ነገር ብቻ ጻፊ፤ ከዚያ በፊት ምን ነበር፣ ምን አደረገ፣ ከዚያ በኋላ ምን ተከተለ። ሰዓቱንም አትርሺ። ሁለት ሳምንት ከያዝሽ የሚደጋገም ነገር ታገኛለሽ። ምናልባት ሁሌም ከመክሰስ በፊት ነው፤ ርቦት ነው። ምናልባት ከሰልፍ በኋላ ነው። ይህ ደብተር ለሐኪሙም ከማንኛውም ነገር በላይ ይጠቅመዋል፤ ለዳይሬክተሯም ሌላ ወሬ ይሆናል።

የተነከሰችው ልጅ እናት ግን ተበድላለች፤ ይህን አንርሳ። ልጇ ክንዷ ላይ ጥርስ ይዛ ወደ ቤት ገብታለች። በፎቶው ጥፋተኛ ናት፤ በንዴቷ ግን አይደለችም። ደውሎ «ይቅርታ፣ እንዲህ ሆኖ ነው፣ ከዚህ በኋላ እንዲህ እናደርጋለን» ያላት ሰው ኖሮ ቢሆን ግሩፑ ጋ ላትደርስ ትችል ነበር። አሁንም አልረፈደም። ስለ ናቲ ምንም ሳትነግሪያት፣ የሱን ሁኔታ መናገር ያንቺ መብት አይደለምና፣ ስለ ልጇ ደኅንነት ብቻ አነጋግሪያት። ግሩፑ ላይ ግን አንቺ አትመልሺ። እዚያ ክርክር ገብቶ የረጋ ሰው አላየሁም። የልጆች ፎቶ እንዳይለጠፍ፣ የልጅ ስም እንዳይነሳ ደንብ ማውጣት የዳይሬክተሯ ሥራ ነው፤ ይህን ጠይቂያቸው።

«ልጄ እየኮረጀችው ማውራት ትታለች» ያለችውን እናትም በደግነት አነጋግሯት። ኦቲዝም አይተላለፍም። ልጆች ያዩትን ሁሉ ለጥቂት ቀን ይሞክራሉ፤ አንዱ ሲንተባተብ ይንተባተባሉ፣ አንዷ ጣቷን ስትጠባ ይጠባሉ። ይተዉታል። የልጅቷ ዝምታ ከቀጠለ ግን እሷም ትታይ፤ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ክፍልሽ ውስጥ ብዙ ነገር እንድትቀይሪ አልልሽም። የሞላ ክፍል ይዘሽ «ለእያንዳንዱ ልጅ የተለየ ዕቅድ» የሚል ምክር ስሰማ እኔው እናደዳለሁ። ለመጀመሪያው ወር ሁለት ነገር ምረጪ። የመጀመሪያው ምንም ገንዘብ አያስወጣም፤ ናቲ ሰልፉ ላይ ማይክሮፎኑ አጠገብ አይቁም። ከሞግዚቷ ጋር ራቅ ብሎ ይቁም ወይም ሰልፉ ሲያልቅ ይግባ። ቀኑን በጭንቀት ከጀመረ ቀሪው ሰዓት ሁሉ ይበላሻል። ሁለተኛው ሥዕል ነው። የቀኑን ውሎ በአምስት ስድስት ካርድ ሣይው፤ ሰልፍ፣ ፊደል፣ መክሰስ፣ ጨዋታ፣ ሽንት ቤት፣ ቤት። ግድግዳ ላይ ለጥፊውና ያለቀውን አንሺለት። አሁን ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ በዓይኑ ካየ መሮጡ ሊቀንስ ይችላል። ካርድ እንደሚወድ ነግረሽኛል እኮ! ውሃ ሲፈልግ የውሃውን ካርድ እንዲሰጥሽ አስለምጂው። «ውሃ ትፈልጋለህ?» ብሎ ሲመልስልሽም ቀልድ አይደለም፤ ያለችውን ቋንቋ እየተጠቀመ ነው። አንቺ «ውሃ» ብለሽ ስጪው። ጥያቄ ሳይሆን እሱ ሊለው የሚገባውን ቃል ስጪው። የሥዕል ካርዱ ደግሞ ለናቲ ብቻ አይደለም። በቤቱ አማርኛ የማይነገር ልጅ ክፍልሽ ውስጥ ይኖራል፤ አፋን ኦሮሞ ወይም ጉራግኛ እየሰማ አድጎ መስከረም ላይ ድንገት አማርኛና እንግሊዝኛ የተጫነበት። ዓይን አፋር ልጅም አለ። እነሱም ያዩታል፤ ለእነሱም ይቀላቸዋል።

ክዳኑን አትቀሚው። ከክዳኑ ተነሺ። «ቀዩን ለቤቲ ስጣት» ብትይው፣ ቤቲም አንድ ብትመልስለት ጨዋታ ሆነ። ኩኩሉም ይመቸዋል ብዬ አስባለሁ፤ ጥሪው አንድ ነው፣ መልሱ አንድ ነው፣ «ኩኩሉ» «አልነጋም»፣ ምን እንደሚመጣ አስቀድሞ ይታወቃል። የምትቀባበለው አንድ ልጅ ከሆነች ይበቃል፤ ሁሉም እንዲያጫውቱት አትጠብቂ። ልጆቹ «ናቲ ለምን አያወራም?» ብለው ሲጠይቁሽ አትቆጪያቸው። ነውር አይደለም። «ናቲ ገና እየተማረ ነው፣ በካርድ ያናግረናል። ጩኸት አይወድም፣ ስለዚህ ጆሮው አጠገብ አንጮህም» ብትያቸው ይበቃል። የአራት ዓመት ልጅ ይህን ሰምቶ ሌላ ጨዋታ ይጀምራል። የሚከብደን እኛን ነው።

አሁን ዳይሬክተሯ። ሕጉን አውቀሽ ግቢ፤ ለማስፈራራት ሳይሆን ራስሽ እንዳትፈሪ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 አንድ ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላይ የትምህርት ሥርዓት መገለል የለበትም ይላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። «እኛ የግል ነን» የሚለውም ብዙ አያስኬድም፤ ስምምነቱ መንግሥት የግል ድርጅቶችንም አድልዎ እንዲያስቀር ግዴታ ይጥልበታል። የወረዳውን ወይም የክፍለ ከተማውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት «የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ባለሙያ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅም ይቻላል፤ በአንዳንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለዚህ የተቋቋሙ የድጋፍ ማዕከሎች ስላሉ የት እንዳሉ ይነግሩሻል።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን እውነቱንም ልናገር። አዋጁ ረዳት አልቀጠረልሽም። አካቶ የሚባለው ልጁን ከሌሎች ጋር በአንድ ክፍል እየደገፉ ማስተማር ነው፤ ናቲ ክፍልሽ ውስጥ መቀመጡ ብቻ አካቶ አይባልም። ጥግ ላይ ክዳን እየደረደረ እስከ ሰኔ ቢቆይ «አላባረርነውም» እንላለን፤ እሱ ግን ምንም አላገኘም። ስለዚህ ከዳይሬክተሯ የምትጠይቂው ‹ይቆይ› ብቻ አይሁን። ‹ከእነዚህ ነገሮች ጋር ይቆይ› በይ፤ ሞግዚቷ ጠዋት ከአንቺ ጋር ትሁን፣ በሩ ላይ እሱ የማይደርስበት መቀርቀሪያ ይደረግ፣ መንፈቀ ዓመቱ እስኪያልቅ ይሞከር። ሦስቱም ርካሽ ናቸው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ለልጁ ብቻ የምትቀመጥ ረዳት በወላጅ ክፍያ ያስገባሉ። ለሚችል ቤተሰብ ይረዳል፤ እኔ ግን ሌላው ሁሉ ሳይሞከር ክፍያውን መጀመሪያ እናትየው ላይ መጫኑ አይዋጥልኝም።

«ልዩ ትምህርት ቤት» የሚሉትም እንደሚመስላቸው በቀላሉ የሚገኝ ነገር አይደለም። ዘሚ የኑስን ታስታውሻቸው ይሆናል፤ በ2013 ዓ.ም. ያጣናቸው። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ይዘው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ተንከራትተው፣ የሚይዝላቸው ሲያጡ ራሳቸው በ2002 እ.ኤ.አ. ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም አለ። ሁለቱም ጥሩ ሥራ ይሠራሉ፤ ቦታ ለማግኘት የሚጠብቀው ወላጅ ግን ብዙ ነው። «ጥር መጨረሻ ላይ ውሰጂው» ማለት በተግባር «ጥር መጨረሻ ላይ ቤት አስቀምጪው» ማለት ሊሆን ይችላል። ዳይሬክተሯ ይህን አስበውት ይሆን? በእርጋታ ጠይቂያቸው። ክፉ ሴት ናቸው ብዬ አላስብም፤ የቤት ኪራይ፣ ደመወዝ፣ «ልጄን አስወጣለሁ» የሚል ወላጅ እያሰቡ ነው። ወላጆቹን የሚያረጋጋ ነገር ይዘሽላቸው ከገባሽ ሊሰሙሽ ይችላሉ። ናቲን በዓይናቸው አይተውታል ወይ? አንድ ቀን ካርድ ስትደብቂበት መጥተው እንዲያዩ ጋብዣቸው።

እምቢ ካሉ፣ እንዲህ በያቸው፦ «እትዬ፣ ስለ ልጁ ያየሁትን ለእናቱ እነግራለሁ። ትምህርት ቤቱ የወሰነውን ግን እርስዎ ይንገሯት፤ እኔም አብሬ እቀመጣለሁ።» ይህ እምቢታ አይደለም፤ በአክብሮት ከተነገረ ከሥራ የሚያስወጣ ቃልም አይመስለኝም። ግን ዋስ መሆን አልችልም፤ ሰዎቹን የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ። የሚያስፈራሽ ከሆነ ብቻሽን አትግቢ፤ የጎን ክፍሏ ሚስም ሞግዚቷን የምትጋራ ናትና ጉዳዩ እሷንም ይነካታል። ተያይዛችሁ ግቡ። በንዴት መልቀቂያ መጻፍ ግን ለጊዜው ይቅርብሽ።

ቅደም ተከተሉን አትሳቺ፤ እናቲቱን ከዳይሬክተሯ በፊት አነጋግሪያት፤ የሚቀጥለው ሳምንት አይለፍሽ። ደብተሩን ደግሞ ነገውኑ ጀምሪ። ምናልባት ሁሉም ነገር ሳይሳካ ቀርቶ ናቲ ከሄደ፣ ከደብተሩ ላይ ሁለት ገጽ ገልብጠሽ ለእናቱ ስጫት፤ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስደነግጠው፣ ሲጨነቅ ምን እንደሚያረጋጋው፣ ውሃ ሲፈልግ እንዴት እንደሚጠይቅ። ቀጣዩዋ ሚስ ከዜሮ አትጀምርም።